ማታ ያነበብኩት፣ ቀን የፈረምኩት

በቅርቡ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ፣ «በአስተዳደርና በሰብአዊ መብት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ እየሠራሁ ልማር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጊዜና ስለ ክፍያ እንድነግራት ጠብቃ ነበር፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ያላነሣሁት አንድ ደብዳቤ ትዝ ብሎኝ ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ጉዳዮችን እከታተል፣ ማታ ይህንኑ ትምህርት እማር ነበር። እውነቱን ለመናገር የተመዘገብኩት ለመብት ተቆርቁሬ ሳይሆን ለደረጃ ዕድገት ነው። አንዱ የጽሑፍ ሥራዬ ሰዎችን ከመኖሪያቸው በግዳጅ ስለማስነሣት ስለነበር፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 መስመር በመስመር አጠናሁት። ሰነዱ ተነሺዎችን ከልብ ማማከርን፣ በቂ የማስጠንቀቂያ ጊዜ መስጠትንና አቤት የሚሉበትን መንገድ መክፈትን ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃዳቸው በሌሊት ወይም በከፋ የአየር ጠባይ እንዳይነሡ፣ በዚህም ሳቢያ ማንም ቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ያሳስባል። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁ።

በዚያው ሳምንት ጥቂት ቤተሰቦች ቦታቸውን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲለቁ የሚያዝ ረቂቅ ደብዳቤ ቀረበልኝ። ያማከራቸው አልነበረም፤ ወዴት እንደሚሄዱም ሆነ ቅሬታቸውን ለማን እንደሚያቀርቡ የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። እኔ የፊደል ግድፈቱን አርሜ፣ የተደገመች አንዲት ቃል ሰርዤ ፈረምኩ። ማንም አላስፈራራኝም። ማታ ያጠናሁትና ቀን የፈረምኩት ስለ አንድ ጉዳይ መሆናቸው በሐሳቤም አልመጣም ነበር። በአምስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ደብዳቤውን አጣጥፈው ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ አቤት የምንለው ለማን ነው?» ሲሉኝ የሰነዱ ቃል ድንገት ትዝ አለኝ። ገና ሁለት ቀን ይቀር ነበር። እኔ ግን ሌላ ቢሮ እንዲጠይቁ ነግሬ አሰናበትኳቸው።

አብራን የምትማር አንዲት ነርስ ነበረች። ከሥራዋ በቀጥታ እየመጣች የኋላ ወንበር ላይ ታንቀላፋ ነበር፤ ስለ ጤና መብት ሲነሣ ግን ትነቃና ያን ቀን በሥራ ቦታዋ የገጠማትን ትነግረን ነበር። ከርእስ ወጣች እያልን እንስቅባት ነበር።

የዛሬ ወጣቶች የመምህሩን ስላይድ በስልካችሁ ፎቶ ስላነሣችሁት ብቻ የተማራችሁት ይመስላችኋል፤ አለቃችሁን «ለምን?» ብላችሁ በመጠየቅ ግን ከእኛ ትበልጣላችሁ። ለጽሑፍ ሥራችሁ በእጃችሁ የሚያልፍ ዓይነት ጉዳይ ምረጡ፤ የባለጉዳዩን ስምና ምስጢር ግን ከመሥሪያ ቤት ይዛችሁ አትውጡ። ይህን እየመከርኩ፣ የእኔም ርእስ ከጠረጴዛዬ ሩቅ እንዳልነበረ አልረሳሁም።

ለባልደረባዬ ሥራዋን እንዳትለቅ ነገርኳት። በማግስቱ ደግሞ ለአንድ ዓመት እንኳ ከቢሮ ብትርቅ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ሐሳቤን ለወጥኩ። እሷ ግን ለማታው ክፍለ ጊዜ ተመዝግባ ነበር፤ «የዚያ ደብዳቤ ቅጂ አለዎት?» ስትል ጠየቀችኝ። ያስቀመጥኩት ከፍተኛ ውጤት ያገኘሁበትን ጽሑፍ ብቻ ነው።