ቆጣሪው ጋ አትቁሙ

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ውስጥ የኃይል ፍጆታ ስለካ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ሥራ ስጀምር ስለሠራሁት ስህተት ነው።

ፌሮ ወደሚያመርት አንድ ፋብሪካ ተላክሁ። ቆጣሪ አነበብኩ፣ የሞተሮቹን አቅም መዘገብኩ፣ አየር የሚያፈስ ቧንቧ ፈለግሁ። ሪፖርቱን ስጨርስ የንብረት ክፍሉን ሽማግሌ አሳየኋቸው። እሳቸው ግቢው ውስጥ የተከመረውን ቢሌት፣ ማለትም ፌሮ የሚወጣበትን ያልተጠናቀቀ ብረት፣ እያመለከቱ «ይሄስ የት አለ?» አሉኝ።

«እሱ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

«ታዲያ እዚያ እሳት ሳይነድ ነው የቀለጠው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ሄጄ አሰላሁ። ቢሌት አሙቆ ፌሮ ለማድረግ በቶን ከ1 እስከ 2 ጊጋጁል ኃይል ይበቃል። ብረቱን ከማዕድኑ ጀምሮ ለመሥራት ግን 20 ጊጋጁል ገደማ ያስፈልጋል። እኔ የለካሁት ጭራውን ብቻ ነበር።

ከተማችንንም እንደዚያ እንዳትለኩ እፈራለሁ። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ነው። ጊቤ 3 አለ፣ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የህዳሴው ግድብ አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ በንጹህ ኃይል ትኖራለች ይባላል። ቆጣሪውን ብቻ ካያችሁ እውነት ነው። ግን በየመንደሩ የሚቆመው ፎቅ ከምን ተሠራ? ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከሌላ ቦታ ተጭኖ ይገባል። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚበስለው 1,450 ዲግሪ ላይ ነው፤ ማብሰያው ደግሞ በአብዛኛው ድንጋይ ከሰል ነው። ዘመናዊ ምድጃ እንኳ ለአንድ ቶን ክሊንከር 900 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ይበላል። አንድ ቶን ሲሚንቶ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ 100 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ራሱ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አለ፤ እሱን የቱም ቆጣሪ አያሳያችሁም።

ስለዚህ ሳይት ላይ ስትሆኑ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ እየበቃ ኦፒሲ፣ ማለትም በአብዛኛው ክሊንከር የሆነውን ሲሚንቶ፣ አታዙ። ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ የተወሰነው ፑሚስ በሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል። ፑሚስን እሳተ ገሞራ አንዴ አብስሎልናል፣ እንደገና ምድጃ አይፈልግም። ኦፒሲ «ጠንካራ ነው» እየተባለ በየቦታው ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

የምንልከውም ይቆጠራል። ከቦሌ በአውሮፕላን የሚሄደው አበባ የሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ከመፍረዳችሁ በፊት አውሮፓ ውስጥ በክረምት እየተሞቀ ከሚበቅለው ጋር አወዳድሩት።

አስተማሪ ከፈለጋችሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ብረትና አልሙኒየም እዚያ ይደርሳል። አልሙኒየምን ከቁርጥራጭ አቅልጦ መሥራት ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያረጀ ድስት ውስጥ ሌላ አገር የተከፈለ ትልቅ የመብራት ሒሳብ አለ። እነዚያ ሰዎች ያንን ሒሳብ ዳግም እንዳንከፍል እያደረጉን ነው። በየትኛውም የከተማ የኃይል ሪፖርት ላይ ግን ስማቸው ተጽፎ አላየሁም።

ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ምን እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቋቸው። በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ረፋዱ ላይ መዶሻው ስለሚበረታ መደማመጥ ይቸግራል።