ጆሮው ለሚጮህበት ወጣት ሙዚቀኛ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከመድረክ ስትወርዱ የጀመራችሁ የጆሮ ጭውታ በማግሥቱም፣ በሳምንቱም አልለቅ ላላችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ልምምድ አልቆ ሰው እስኪበተን ጠብቃችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ትጠይቁኛላችሁ። "ጋሼ፣ ሥራውን ልተወው እንዴ?"

አትተዉት። እኔ ሳክስፎን ይዤ በሆቴል፣ በክለብና በሠርግ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ሁለቱም ጆሮዬ ይጮኻል። አሁን ይህን ስጽፍም ይጮኻል። ዛሬም እሠራለሁ።

የምትደብቁት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። "እሱ እኮ ጆሮው ሄዷል" ከተባለ ስልክ የሚደውል ይጠፋል ብላችሁ ትሰጋላችሁ። ግን የተደበቀ ነገር በጨለማ ይገዝፋል። ለባንድ ጓደኞቻችሁ ንገሯቸው። ግማሾቹ "እኔም አለብኝ" እንደሚሏችሁ በሙሉ ልብ እነግራችኋለሁ። ደግሞም ጆሮው የሚጮህበት ሁሉ ቅኝት አይለይም ማለት አይደለም። ባቲውን ከአምባሰል እንደ ድሮው ትለያላችሁ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሳል። በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሴሎች አሉ። ስንወለድ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ይሆናሉ። የሞተው አይተካም። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲሳሳ አንጎል ለማካካስ ይሞክራል። ማይኩ ሲደክምበት ጌይኑን፣ ማለትም ማጉያውን፣ እንደሚከፍት ሳውንድ ማን ማለት ነው። ያኔ ሽሽሽ የሚለው ነገር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ድምፁ ከውጭ ባይኖርም የምትሰሙት እውነት ነው። አላበዳችሁም።

ብቻችሁንም አይደላችሁም። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ቀንና ሌሊት እንደሚጮህበት ነግሮታል። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ስሜታና በ1874 መስማት አቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በደረሰው የስትሪንግ ኳርቴት (የአራት ባለአውታር መሣሪያዎች ድርሰት) የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ ሞቅ ብሎ ሲሄድ የነበረው ሙዚቃ ድንገት ይቆምና አንደኛው ቫዮሊን ቀጭን፣ ረጅም የ"ኢ" ኖታ ይይዛል። ጆሮው ውስጥ የነበረው ፉጨት እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ፈልጉትና ስሙት። ችግሩ ያለበት ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ የኮልድፕሌይ ባንዱ ዘፋኝ ክሪስ ማርቲን ችግሩ እንዳለበት በአደባባይ ተናግሯል። ጆሮውን እየጠበቀ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ይዘፍናል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሰውን ከሙያው የሚያስወጣው ጩኸቱ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ከእሱ ጋር የሚመጣው የድምፅ አለመቻል ጭምር ነው፤ ሐኪሞች ሃይፐራኩሲስ ይሉታል። ለሌላው ተራ የሆነ ድምፅ ለእናንተ ይበዛል፣ አንዳንዴም ያማል። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ማንኪያ ከብርጭቆ ሲጋጭ ትሸማቀቃላችሁ። ሲኒ ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ፊታችሁ ይጨማደዳል። የታክሲው ረዳት በሩን ጓ ሲያደርገው ልባችሁ ይመታል። የሚያይ ሰው "ምን ሆነ?" ይላል፤ ማስረዳት ይከብዳል።

አንድ ጎበዝ ድራመር አውቃለሁ። ይህ ነገር ሲጀምረው የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ገዝቶ ጆሮውን ደፈነ። መድረክ ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እሱ ግን ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅም፣ ቤት ከእናቱ ጋር ቡና ሲጠጣም አላወጣውም። እየቆየ የፌስታል ኮሽታ እንኳ አላስቀምጥ አለው። አንጎል ድምፅ በተነፈገ ቁጥር ጌይኑን ይበልጥ ይከፍታላ። በጥናት ታይቷል፤ ጆሯቸው ደህና የሆነ ሰዎች ለ2 ሳምንት ሲደፍኑት፣ ድምፅ ከበፊቱ በርትቶ ይሰማቸው ጀመር።

ልጁን የመለሰው ቀስ በቀስ መልመድ ነው። በመጀመሪያ ቤቱ ውስጥ መሰኪያውን አወጣ። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ከፍቶ መዋል ጀመረ። ከዚያ ሰው የማይበዛበት ካፌ። ከዚያ ከበሮው ፊት ተቀመጠ፤ ዱላ ሳይሆን ብሩሽ ይዞ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ባለሙያ አብሮት ነበር፣ ወራትም ፈጅቷል። ዛሬ ሠርግ ላይ ይመታል። መሰኪያውን የሚያደርገው መድረክ ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ ኪሱ ይከተዋል። አደራ የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ ከኃይለኛ ድምፅ ተጠበቁ፣ ከተራ ድምፅ ግን አትሽሹ።

ኃይለኛ የሚባለው የቱ ነው? የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑና ቅልቅል ላይ "ጨምሩት! ጨምሩት!" ሲባል እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መመሪያ፣ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል።

መሰኪያ ስትገዙ የሙዚቀኛ የሚባለውን ፈልጉ። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያደርገው ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው የታፈነ ይሆናል። የሙዚቀኛው ግን ሁሉንም ተቀራራቢ አድርጎ ዝቅ ያደርጋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከጫማ በፊት እሱን አስመጡ። የትንፋሽ መሣሪያ ለምትጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። ጥርሳችሁ ማውዝፒሱ ላይ ስለሚያርፍ ንዝረቱ በአጥንት ይገባና ጆሮ ሲደፈን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያገሳል። ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይጥሉታል። ጠለቅ ብሎ የሚገባ መሰኪያ ይህን ይቀንሰዋል። ለጥቂት ሳምንት ቤት ውስጥ ሎንግ ቶን፣ ማለትም አንድ ድምፅ አስረዝማችሁ፣ እየነፋችሁ ተለማመዱት።

ኢን ኢር (ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመድረክ ማዳመጫ) የምትጠቀሙ፣ አንዱን አውጥታችሁ በአንዱ አትሥሩ። የቀረውን ሳታውቁት ትጨምሩታላችሁ። ከሲምባሉ አጠገብ መቆም ካለባችሁ ሁለት እርምጃ መራቅም ለውጥ አለው። ሞኒተር (ወደ እናንተ የዞረው የመድረክ ድምፅ ማጉያ) ይቀነስልኝ ማለት ነውር አይደለም።

የባንድ መሪ የሆናችሁ ደግሞ የለንደኑን የቫዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚል መሣሪያ) ተጫዋች የክሪስ ጎልድሼደርን ታሪክ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር ኦፔራ ልምምድ ላይ የተቀመጠው ከነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፊት ነበር። ድምፁ ከ130 ዴሲቤል አለፈ። ከዚያ በኋላ የቤት ውስጥ ድምፅ ሳይቀር ያመው ጀመር፤ ሙያውን ለመተው ተገደደ። አሠሪውን ከሰሰና በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ጥበብ ነውና ጩኸቱ የግድ ነው የሚለው መከራከሪያ አልሠራም። አጠገባችሁ የሚቆመው ልጅ ጆሮ የእናንተም ኃላፊነት ነው።

ሌሊቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ፍጹም ጸጥታ ጩኸቱን ያጎላዋል። ማራገቢያ ወይም የዝናብ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያብሱታል። ደግሞ በየደቂቃው "አሁንም አለ?" እያላችሁ አትፈትሹት። አንጎል አደጋ አይደለም ብሎ ሲያምን ወደ ኋላ ይገፋዋል። እኔ ሰዓታት ሳላስበው የማሳልፍበት ቀን ብዙ ነው።

ጩኸቱን እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ክኒን እስካሁን የለም። አጠፋለሁ ለሚል ሁሉ ገንዘባችሁን አትስጡ። የሚረዳ ነገር ግን አለ። ለጭንቀቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሰጠው ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ጥሩ ማስረጃ አለው። የመስማት መቀነስ ካለ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ጩኸቱንም ሊያቀልለው ይችላል። ስለዚህ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመርመሩ። አንዳንዴ ጥፋቱ የተጠራቀመ ኩክ ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አስፕሪን በብዛት ሲወሰድ ጆሮ ያስጮኻል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ አታቆዩት።

አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ "እስኪ ይደር" አትበሉ። በዚያው ቀን ሂዱ። የሚሰጠው የስቴሮይድ ሕክምና በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ምሽቱን ሠርግ ቢኖራችሁም ተተኪ ፈልጉና ሂዱ። ሳክስ ከሆነ ደውሉልኝ፣ እኔ እገባለሁ።