ለድንገተኛ ሕመም ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም መፈለግ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። የ71 ዓመት እናቴ ሜዲኬር አድቫንቴጅ አላት፤ የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬር በግል ኩባንያ በኩል ሲሰጥ ማለት ነው። ባለፈው ወር ሌሊት ደረቷን ሲያማት ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። አሁን ያያት ሐኪም «ከኔትወርክ ውጭ ነኝ»፣ ማለትም ከኢንሹራንሷ ጋር ውል የለኝም ብሎ ለብቻው የ940 ዶላር ቢል ላከ። ለሌላ ጊዜ ሜዲኬር የሚቀበል የድንገተኛ ሐኪም ከወዲሁ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር እናትዎን ይማርልዎት። ለሌላ ጊዜም ሐኪም አይፈልጉ፤ 911 ይደውሉ። ኤምታላ የሚባለው የ1986 የፌዴራል ሕግ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ካለው የመጣውን ሰው ሁሉ እንዲመረምር፣ ሁኔታው አስጊ ከሆነም እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ሆስፒታሉ ስለ ኢንሹራንስ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ሰበብ ሕክምናውን ማዘግየት ግን አይችልም።

ኤምታላ ስለ ሕክምናው እንጂ ስለ ሂሳቡ አይናገርም። ለሂሳቡ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ደንብ አለ። ለእውነተኛ ድንገተኛ ሕመም ኢንሹራንሱ ኔትወርክም ሆነ ቅድመ ፈቃድ ብሎ ነገር ማንሳት አይችልም። ድንገተኛ መሆኑ የሚለካው ደግሞ በምልክቱ ነው፣ በመጨረሻው ውጤት አይደለም። የ71 ዓመት ሰው በሌሊት ደረቴን ሲል ማን ነው ጨጓራ ነው ብሎ የሚተኛ? ጨጓራ ሆኖ መገኘቱ እሰየው ነው፤ ለመከልከያ ግን አይሆንም።

ስለዚህ 940ውን ገና አይክፈሉ። ኢንሹራንሱ ጋ ደውለው ሐኪሙ ሂሳቡን ለእነሱ ልኮ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። እናትዎ የሚከፍሉት ፕላናቸው ለድንገተኛ ያስቀመጠውን ድርሻ ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 65 ቀን አላችሁ።

ከሜዲኬር ጨርሰው የወጡ ሐኪሞችም አሉ። በደህናው ጊዜ በሽተኛን ሂሳቡን ከኪሱ እንዲከፍል የግል ውል ያስፈርማሉ። በድንገተኛ ሰዓት ግን ይህን ማስፈረም ክልክል ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሽተኛው ከተረጋጋ በኋላ ያለው ሕክምና ሌላ ደንብ አለው። አልጋ ይያዙ ከተባለ ሆስፒታሉ ኢንሹራንሱን እንዲያነጋግር ይጠይቁ።

ስልክ ሲደውሉ እናትዎ አጠገብዎ ይሁኑ። የእሳቸውን ፈቃድ ሳይሰሙ አያናግሩዎትም። አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ አያስከፍልም።