እሳት ማዳፈን እዚህ አገር አይሠራም፦ ስለ ቤዝመንቱ ፈርነስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃህ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብለህ የገዛኸው ቤት ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ውስጥ እንጨትም የድንጋይ ከሰልም ያነዳል የተባለ አሮጌ ፈርነስ፣ ማለትም ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅ ትልቅ የብረት ምድጃ አለው። የፕሮፔን ወጪ ስለከበደህ አንተ ልትጠቀምበት ትፈልጋለህ፤ ባለቤትህ ግን «ተኝተን እንቀራለን» ብላ ይነቀል ትላለች። እኔ እዚሁ ሚኒሶታ ዘጠኝ ክረምት ቤቴን በእንጨት አሙቄአለሁ፤ በመጀመሪያው ክረምት ደግሞ ላቃጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ባለቤትህን ፈሪ አትበላት። ፈርነሱን ግን ለመንቀል አትቸኩል።

ጥፋቴን ልንገርህ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ገጠር ነው። እናቴ ማታ ማታ እሳቱን በአመድ ታዳፍናለች፤ ጠዋት ረመጡን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ይነሣል። እኔም ፈርነሱን እንደ እናቴ ምድጃ ቆጠርኩት። ማታ እንጨቱን እስከ አፉ እሞላና የአየር ማስገቢያውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ እተኛለሁ። ጠዋት ፍም አገኛለሁ፣ ቤቱም ለብ ብሎ ያድራል፣ እንጨትም ይተርፈኛል። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ያልገባኝ ነገር፣ እናቴ የምታዳፍነው ጭሱ ወጥቶ ያለቀለትን ረመጥ ነው። እኔ የማዳፍነው ግን ከነጭሱ ያለ እንጨት፣ ያውም ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ ያራገፈልኝ በዚያው ዓመት የተቆረጠ ኦክ የሚሉት ዛፍ። እንጨት አየር ሲያጣ አይነድም፣ ይጨሳል። ያ ጭስ የቀዘቀዘውን የጭስ ማውጫ ሲነካ የድስት ክዳን እንደሚያልበው ግድግዳው ላይ ያልባል፣ ከዚያም ሬንጅ መስሎ ይደርቃል። እዚህ ክሪዮሶት ይሉታል። ጥላሸት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ጣሪያህ ድረስ የተለሰነ ማገዶ ነው።

ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 በገባበት ማለዳ፣ አየሩን ከፈት አድርጌ እሳቱን ሳጋግመው ያ ሁሉ አንድ ላይ ተያያዘ። ድምፁ ባቡር በሳሎንህ የሚያልፍ ነው የሚመስለው። ቱቦው ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ጣሪያዬ ላይ ነበልባል አይቶ በሩን ሲደበድብ እኔ ገና ምን እንደሆነ አልገባኝም። የፈርነሱን በርና የአየር ማስገቢያውን ዘጋሁ፣ ልጆቹን በካልሲ አስወጣሁ፣ 911 ደወልኩ። ቤቱ ተረፈ። በጭስ ማውጫው ጡብ ውስጥ ያለው የሸክላ ቱቦ ግን ተሰነጣጥቆ ስለነበር አዲስ የብረት ቱቦ እስኪገባ ድረስ ክረምቱን በፕሮፔን ጨረስን። እንዲህ ያለው እሳት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሸክላው ቢሰነጠቅ አይገርምም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገርህ። እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያዋ ርካሽ ናት፣ ግዛ። ነገር ግን ከላዩ አትለካ፤ ግንዱን ፍለጠውና አዲሱን ገጽ ለካ። ኦክ ተፈልጦ ከላይ ተሸፍኖ፣ ጎኑ ንፋስ እያገኘ ሁለት በጋ ይፈልጋል። አሽ የሚሉት ዛፍ ቶሎ ይደርቃል፤ አረንጓዴው ጢንዚዛ በ2009 ሴንት ፖል ከተገኘ ወዲህ ዛፉን እየገደለው ስለሆነ እንጨቱ በየቦታው ይሸጣል። ከሩቅ አገር አትጭን፣ ጢንዚዛውም አብሮ ይመጣል። ስትገዛ ደግሞ «ኮርድ» ማለት በ4 ጫማ፣ በ4 ጫማ፣ በ8 ጫማ የተደረደረ ነው። በፒክአፕ የተወረወረ ክምር ኮርድ አይባልም፤ እኔ ሁለት ዓመት ተበልቻለሁ።

ማታ የመጨረሻውን እንጨት ልትተኛ ስትል አትጨምር። ከአንድ ሰዓት በፊት ጨምረህ በደንብ ይንደድ፣ ከዚያ አየሩን ቀንስ እንጂ አትዝጋ። ቱቦው ነጠላ ብረት ከሆነ ማግኔት ያለው ቴርሞሜትር ለጥፍበት፤ ከ250 እስከ 475 ፋራናይት መካከል ይዋል። ከዚያ በታች ሲሆን ሬንጅ እየሠራህ ነው። ሌሊት ቤቱ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ብርድ ልብስ ለምኑ ነው?

የፈርነሱን በር ስትከፍት መጀመሪያ ዳምፐሩን (የጭስ ቱቦውን መክፈቻና መዝጊያ) ክፈት፣ በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አድርገህ ጥቂት ጠብቅ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ። ብው ብሎ የሚከፍት ሰው ቅንድቡን ያጣል። ቤንዚን ነገር ጭራሽ እንዳታስበው። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቆሻሻና ፕላስቲክም አይገባበትም።

አሁን ባለቤትህ ወደምትፈራው ነገር ልምጣ። የገጠሩ ጎጆ በክዳኑም በግድግዳውም ይተነፍሳል። የዚህ አገር ቤት ለብርዱ ተብሎ የታሸገ ጣሳ ነው። የኩሽናው ጭስ መሳቢያና የልብስ ማድረቂያው አንድ ላይ ሲሠሩ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይጎትታሉ፤ ቤቱም የጎደለበትን በጭስ ማውጫው ይመልሳል፣ ከነመርዙ። ይህ ይበልጥ የሚያሰጋው ንጋት ላይ ነው፤ እሳቱ ወደ ፍም ወርዶ ቱቦው ሲቀዘቅዝ። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ በብዛት የሚወጣው ከዚያ ፍም ነው። አገር ቤት «ከሰሉ እስኪግም ውጭ ይቆይ» እንል የለ? የጋመ ፍም ጭሱ ይጠፋለታል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቀን ለቡናም ለሙቀትም ማንደጃ ወደ ቤት አታስገባ። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ መብራት ሲጠፋ፣ ለሙቀት ብለው በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሡ ወገኖቻችን ሂዩስተን ላይ ሕይወታቸው አልፏል።

የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር ይላል። አንተ አንድ ቤዝመንትም ጨምር፣ ግን ፈርነሱ አጠገብ ሳይሆን ራቅ አድርገህ። ቁጥር የሚያሳየውን ግዛ፤ ተራው 70 ፒፒኤም ላይ (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70 እጁ መርዝ ሲሆን) እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሳይጮህ ሊቆይ ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለው፣ ውጭ ስትወጡም የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብለህ ሻይ አታፍላ። ሁላችሁም ውጡና ደውል።

አመዱን የተከደነ የብረት ባልዲ ውስጥ አድርገህ ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ አርቅ፤ ውስጡ የተቀበረ ፍም ቀናት ይቆያል። ሌላው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ቤቱ የሚነፋው ማራገቢያ ይቆምና ሙቀቱ ፈርነሱ ላይ ይከማቻል፣ ስለዚህ ማዕበል ከተተነበየ ትንሽ እሳት ብቻ።

የድንጋይ ከሰሉን በተመለከተ፣ የቤቱ ሻጭ «ሁሉንም ይበላል» ስላለህ አትመን። እንጨት አየሩን ከላይ ይወዳል፤ ከሰል ደግሞ ከሥር፣ በፍርግርጉ በኩል። ለእንጨት ብቻ በተሠራ ፈርነስ ውስጥ ከሰል ማንደድ ብረቱን ይበላዋል። ለሁለቱም የተሠራ ቢሆን እንኳ አዲስ ከሰል ስትጨምር ቀዩን ፍም ሙሉ በሙሉ አትሸፍነው፤ አንድ ጥግ ነበልባል እየታየ ይቆይ። ከሸፈንከው ጋዙ ይጠራቀምና በኋላ እሳት ሲያገኝ በሩን በርግዶ ይወጣል። ለጀማሪ የምመክረው እንጨቱን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ምንም ሳታነድ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ጥራ፤ ካሜራ ሰድዶ ይየው፣ ከዚያም በየዓመቱ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ጭስም በዚያው ቱቦ የሚወጣ ከሆነ እንዲለየው ንገረው። ኢንሹራንስህም ፈርነሱ መኖሩን ይወቅ፤ ደብቀህ ቤቱ ቢቃጠል ላይከፍሉህ ይችላሉ።

አሁን ባትሪ ይዘህ ውረድና በጎኑ ወይም በጀርባው የተለጠፈችውን የብረት ሳህን ፈልግ። የሚያነደው ምን እንደሆነ፣ ከግድግዳ ስንት ኢንች መራቅ እንዳለበት እዚያ ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።