ሞዴል ሆት ሮድ ለምትሠሩ ልጆች፦ ቀለሙ ይቆይ፣ አቋቋሙ ይቅደም

ልጆች፣ ሥራችሁን አያለሁ። ቀለም አቀባባችሁ ያስቀናል። ሽፋን በሽፋን ትነፋላችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳላችሁ፣ እስኪያበራ ትወለውላላችሁ። ከዚያ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። አፍንጫው ቀና ብሏል። በጎማውና በቦዲው መሀል ያለው ክፍተት ያፈጣል። አንዱ የፊት ጎማ ደግሞ ጭራሽ መሬት አልነካም። ያን ሁሉ ድካም ውሃ በላው ማለት ነው።

ሞዴል መሥራት መተዳደሪያዬ ሆኖ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። ሆት ሮድ ማለት ለፍጥነት ተብሎ የተነቃቀለና የተቀየረ አሮጌ መኪና ነው፤ አቋቋሙ ደግሞ ፊቱና ኋላው ጎማው ላይ ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ነው። የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። የሆት ሮድ አቋቋም ቀለም ከመነካቱ በፊት ያልቃል፤ የሚወስነውም መኪናው ለምን ሥራ እንደተሠራ ነው። «ዝቅ ሲል ያምራል» የሚለውን ወሬ ተዉት። አንዳንዱ ዝቅ ሲል ያምራል፣ አንዳንዱ ዝቅ ሲል የተበላሸ መኪና ይመስላል።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1930ዎቹ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዙና ፓራፋንጎውን፣ መከላከያውን፣ አይጠቅምም ያሉትን ሁሉ ይነቅሉ ነበር። ከዚያ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ወዳሉት የደረቁ ሐይቆች ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሙሮክ፣ ኤል ሚራዥ። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ማኅበር ተቋቋመ። በ1949 ደግሞ ዩታ ውስጥ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ መሮጥ ጀመሩ። እዚያ ጨዋታው ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ትልቅ የኋላ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ ርቀት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ ግን ትንሽና ቀላል ቢሆን ይሻላል፤ ንፋስም ብዙ አይመታውም። ኋላው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ያለው መልክ የመጣው ከዚህ ነው። ቁጭ ብሎ ለውበት የፈለሰፈው ሰው የለም።

ጋሰር የሚባሉትን ደግሞ ተመልከቱ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አጭር ርቀት ላይ ከቆሙበት ተነስተው የሚወዳደሩ መኪኖች ናቸው። አፍንጫቸው ሰማይ ሰማይ ያያል። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። የዚያን ጊዜ ጎማ አስፋልቱን ጥሩ አድርጎ አይዝም ነበር። ፊቱን ከፍ ሲያደርጉት መኪናው ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይዞርና የኋላው ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። እንግዲህ ለጨው ሜዳ ተሠራ ያላችሁትን መኪና አፍንጫውን ወደ ላይ ብትሰቅሉት የሚያውቅ ሰው አይቶ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት የምትሠሩት መኪና የት እንደሚሮጥ ለራሳችሁ ንገሩት።

ሁለተኛው ነገር ጎማ ነው። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፤ ብዙ ልጅ ሻንሲውን፣ ቦዲው የሚያርፍበትን አጽም፣ ከቆረጠ በኋላ ነው ጎማ የሚመርጠው። ሒሳቡን እንሥራው። በ1/25 ሚዛን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ ሲያንስ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በእውነተኛው መኪና ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ኢንች ገደማ። ቁመቱ 31 ኢንች የሆነ የኋላ ጎማ በሞዴሉ 31.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 26 ኢንች የሆነው የፊት ጎማ ደግሞ 26.4። መኪናው የሚቀመጠው በጎማው መሀል ላይ ስለሆነ ልዩነቱን ለሁለት ክፈሉት። ምንም ሳትቆርጡ፣ ምንም ሳትበሱ፣ ፊቱ ከኋላው 2.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለላችሁ! የ1932 ፎርድ በፊትና በኋላ አክስሉ፣ ግራና ቀኝ ጎማ በሚይዘው ዘንግ፣ መሀል 106 ኢንች ነው ያለው፤ በሞዴሉ 108 ሚሊ ሜትር ገደማ። በዚያ ርዝመት ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ያደርገዋል። ለእኔ ዓይን ይሄ በቂ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁት ቁልቁለት ላይ ፍሬን የተበጠሰበት መኪና ይመስላል።

ጎማው ከተመረጠ በኋላ አሁንም ፊቱ ከፍ ካለ፣ ያኔ ወደ አክስሉ ኑ። እውነተኞቹ ሠሪዎች የፊት አክስሉን መሀሉ ወደ ታች እንዲጎብጥ፣ ጎማ የሚይዘው ጫፉ ግን ከፍ እንዲል ያደርጉት ነበር። አራት ኢንች የተለመደ ነው። በሞዴሉ አራት ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። የአክስሉን ሁለት ጫፍ ቆርጣችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ፤ መሀሉን በቀጭን የነሐስ ሽቦ አጠንክሩት፣ ፕላስቲክ ለብቻው አይችለውም። ከባሌስትራው ላይ አንድ ሁለት ንጣፍ በሞረድ ማንሳትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሰጣችኋል። በድሮዎቹ ኪቶች፣ ማለትም ተነጣጥለው ለመገጣጠም በሚሸጡት ሞዴሎች፣ የብረት አክስል ሞተሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እዚያ ከሆነ አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው ከፍ አድርጋችሁ ብሱ፣ አሮጌውን ድፈኑ። ኋላውን ለማውረድ ደግሞ ሻንሲውን ከአክስሉ በላይ በግማሽ ክብ ቅረጹት። አክስሉ ወደ ላይ የሚገባበት ቦታ ያገኛል።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። መኪናውን ዝቅ ማድረግና ቦዲውን ዝቅ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ፓራፋንጎው ወልቆ ቦዲው እንደ ፋብሪካው ሻንሲው ላይ ሲቀመጥ ሃይቦይ ይባላል። የ1932ቱ ፎርድ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ የሻንሲው ጎን ራሱ ቅርጽ የወጣለት ስለሆነ ቢታይ ያምርበታል። ወለሉ ተቆርጦ ቦዲው ሻንሲውን አልብሶ ሲወርድ ግን ቻነል ተደረገ ይላሉ። ያን ጊዜ ሻንሲው ያለበት ነው፤ ከመሬት ያለው ርቀት አልተለወጠም። መኪናው ግን በጣም ያጠረ ይመስላል። አራት ሚሊ ሜትር ቻነል አድርጋችሁ ከዚያ አክስሉንም አራት ካወረዳችሁ ስምንት ሆነ፤ በእውነተኛው ሃያ ሴንቲ ሜትር! ራዲያተሩም ከቦዲው በላይ ተገትሮ ይቀራል፤ እሱንም ማሳጠር አለባችሁ። ወንበሩ ደግሞ ወለሉ ላይ ይለጠፍና ሹፌሩ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ይነዳል። ጣሪያውንም ልትቆርጡት ካሰባችሁ መጀመሪያ እሱን ቁረጡ። ጣሪያው ያጠረ መኪና ምንም ሳይወርድ የወረደ ይመስላል፤ የቀረውን ያኔ ትወስናላችሁ።

እስከየት ነው ዝቅ የሚባለው? ለዚህ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚያከብሩት ደንብ አለ። ከቸርኬው የታች ጠርዝ ዝቅ ያለ ምንም ነገር አይኑር። ጎማው ቢፈነዳ መኪናው በቸርኬው ላይ ይቆማል፤ የሞተሩ ዘይት መያዣ ወይም ማርሚታው መሬት ከመታ አለቀ። በ26 ኢንች ጎማና በ16 ኢንች ቸርኬ ብናሰላው በሞዴሉ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ካርቶን በዚህ ቁመት ቆርጣችሁ ጠረጴዛው ላይ በመኪናው ሥር አሳልፉት። ከነካ ከፍ አድርጉ። ሆዱ መሬት የሚስም ሞዴል ብዙ አያለሁ። ፎቶ ላይ ይማርካል፣ አልክድም። ግን ያ መኪና ከጋራዡ በር አይወጣም፤ እኔ ደግሞ የማይሄድ መኪና ልቤን አይገዛውም።

አሁን ሙከራው። ምንም ነገር በማያዳግም ማጣበቂያ አትለጥፉ። ፖስተር ግድግዳ ላይ የሚያዝበት ሊጥ መሰል ማጣበቂያ አለ አይደል? በእሱ ሁሉንም ነገር አያይዙ፦ ሻንሲ፣ አክስል፣ ጎማ፣ ሞተር፣ ራዲያተር፣ ቦዲ፣ የፊት መስታወት ሳይቀር። አንዱም አይቅር። ራዲያተሩ የሌለበት ሆት ሮድ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ መስሎ ይሸውዳችኋል። ከዚያ ከላይ ሆናችሁ አትዩት። ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ቢሆን በሞዴሉ 6.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ወንበራችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አገጫችሁን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አውርዱ፣ ዓይናችሁ እዚያ ቁመት ላይ ይምጣ። በጎን በኩል የበሩን የታች መስመርና የሻንሲውን መስመር ተከተሉ። ከፊት ወደ ኋላ ሳይቆራረጥ ከፍ እያለ መሄድ አለበት። ስልካችሁንም እዚያው ቁመት ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ዓይን የለመደውን ስህተት ፎቶ ያጋልጠዋል። አንድ ሌሊትም አሳድሩት። ጠዋት ስታዩት «ትንሽ ይቀረዋል» ካላችሁ ይቀረዋል።

ከፊት ለፊትም እዩት። የፊት አክስሉ ወጥ ብረት ስለሆነ ሁለቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የወደቀ ጎማ ካለ ቀዳዳው ጠማማ ነው።

አራቱም ጎማ መሬት መንካቱን በጠረጴዛ አታረጋግጡ፤ ጠረጴዛ ይዋሻል። ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጡት። ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ሸጉጡና ሳቡ። አንዱ ጋ ሳይያዝ ሹልክ ካለ ያ ጎማ ተንጠልጥሏል። አክስሉ ሻንሲውን የሚነካበት ቦታ ላይ ስስ ፕላስቲክ ሸጉጡ ወይም ሞርዱ። አክስሉን አሙቆ ማጣመም እዚያው ላይ ጎማውን ያዛንፈዋል፣ እሱን ተዉት። ሁሉም ልክ ሲሆን የሸጎጣችሁትን ውፍረት በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉት፤ ሲፈታ ይረሳል።

የድሮ ኪት ላይ ለምትሠሩ አንድ ትጨመርላችሁ። የአንዳንዶቹ ለስላሳ ጎማ ከፕላስቲክ ቸርኬ ጋር አይስማማም። ውስጡ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ቸርኬውን ያቀልጠዋል፣ ቸርኬው ሲሟሟ መኪናውም በአንድ በኩል ይሰምጣል። ቸርኬው ጎማውን የሚነካበትን ቦታ በቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑና ከዚያ አስገቡት።