ኑዛዜና ቀንዲል፦ ስለ ሁለቱ የፈውስ ምሥጢራት ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት ሁለቱን፣ ምሥጢረ ንስሐንና ምሥጢረ ቀንዲልን (ካህን ሕሙማንን በተባረከ ዘይት የሚቀባበትን)፣ የፈውስ ምሥጢራት ትላቸዋለች። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከመዘግየት። ኑዛዜን ሰው የሚያዘገየው አፍሮ ነው፤ ቀንዲልን ደግሞ «ሞትን ይጠራል» ብሎ። ሁለቱም ስጋት መሠረት የለውም፤ መልሶቹ ይህን እንዲያሳዩ ሞክሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ከተናዘዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሚባለውንም ረስቼዋለሁ። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ መርሳትህን ከመናገር ጀምር። አማትበህ «አባ ይባርኩኝ። ከተናዘዝኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ሥርዓቱን ስለረሳሁ ይምሩኝ» በል። ከዚያ በኋላ ካህኑ እየጠየቀ ያግዝሃል። ባለትዳር መሆን አለመሆንህንና ሥራህን ባጭሩ ንገረው፤ ምክሩ ከኑሮህ ጋር እንዲገጥም ይረዳዋል።

ከመሄድህ በፊት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻህን ተቀመጥና አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ እያነበብክ ኅሊናህን መርምር። በቅድሚያ የምትፈልገው ከባዱን፣ የሞት ኃጢአት የሚባለውን ነው። ይህ የሚሆነው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ ነገሩ ራሱ ከባድ ሲሆን፣ ከባድነቱን እያወቁ ሲያደርጉት፣ በሙሉ ፈቃድም ሲያደርጉት። አንዱ ከጎደለ የሞት ኃጢአት አይባልም። የሞት ኃጢአት ሁሉ በዓይነቱና በቁጥሩ ይነገራል። የሃያ ዓመት ቁጥር በልክ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ «ለአምስት ዓመት ያህል፣ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ» ማለት ይበቃል። ማስታወሻ መያዝም ይቻላል፤ ሲጨርሱ ቀድዶ መጣል ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አነጋገሩ ላይ ነው። «በፍቅር ጎድያለሁ» ብትል ካህኑ ምንም አልሰማም ማለት ነው። «ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተን ሁለት ዓመት አላናገርኩትም፤ ሲታመምም ሆን ብዬ አልጠየቅኩትም» ስትል ግን ቁስሉ ታየ፤ መድኃኒቱም ይታወቃል። የወንድምህን ጥፋት መዘርዘር ግን የእሱ ኑዛዜ እንጂ የአንተ አይደለም። የሌላ ሰው ስም አይጠራም፤ ካህኑም አብሮህ የበደለውን ሰው ስም እንዳይጠይቅ ሕጉ ይከለክለዋል። የኃጢአቱን ዓይነት የሚለውጥ ነገር ካለ ግን ይነገራል፤ ለምሳሌ በዝሙት ከሁለቱ አንዱ ባለትዳር ከሆነ።

ስትጨርስ «ስለ እነዚህና ስለረሳኋቸው ኃጢአቶቼ ሁሉ ተጸጽቻለሁ» በል። ካህኑ መክሮ ቀኖና ይሰጥሃል፤ ጸሎት፣ ጾም፣ ምጽዋት ወይም የበደልከውን መካስ ሊሆን ይችላል። ልትፈጽመው የማትችለው ከሆነ እዚያው ንገረው፤ ይለውጥልሃል። ቀጥሎ የጸጸት ጸሎት ታደርሳለህ። ረጅሙ ከጠፋህ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ይበቃል። በላቲን ሥርዓት (በምዕራባውያን ካቶሊኮች ዘንድ) ካህኑ እጁን ዘርግቶ ጸሎተ ፍትሐቱን፣ ማለትም ከኃጢአት የሚፈታበትን ጸሎት፣ ያደርሳል፤ ዋነኛው ቃል «በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ከኃጢአትህ እፈታሃለሁ» የሚለው ነው። አንተ «አሜን» ትላለህ።

ጥያቄ፦ ለእግዚአብሔር በቀጥታ ብናዘዝስ? ካህኑም እንደ እኔ ሰው አይደለም?

ሰው ነው፤ እሱም ለሌላ ካህን ይናዘዛል። ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ነው። ግን ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያት «ይቅር ያላችኋቸው ይቅር ይባልላቸዋል፤ የያዛችሁባቸው ይያዝባቸዋል» ብሏል (ዮሐ. 20፥23)። ለመፍታትና ለመያዝ ደግሞ መስማት ግድ ነው። ለቀላል ኃጢአት ኑዛዜ ግዴታ አይደለም፤ በጸሎት፣ በምጽዋት፣ በቅዱስ ቁርባንም ይሰረያል።

በድንገት ሞት ፊት የቆመና ካህን ያጣ ሰውስ? ከፍርሃት ሳይሆን ከእግዚአብሔር ፍቅር የተነሣ ከተጸጸተ፣ በተቻለው ፍጥነት ለመናዘዝም ከቆረጠ፣ የሞት ኃጢአቱ እንኳ ያን ጊዜውኑ ይሰረይለታል። ይህን ጸጸት በየቀኑ ማታ መለማመድ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጸጸተው ሲኦልን ፈርቼ ብቻ ነው። ይቆጠርልኛል?

ይቆጠራል። ፍጹም ያልሆነ ጸጸት ይባላል፤ ኃጢአቱን ለመተው እስከቆረጡ ድረስ ለኑዛዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ከባድ ኃጢአት ሳልናገር ቀረሁ። ያ ኑዛዜ ምን ይሆናል?

ረስተሽው ከሆነ ከሌሎቹ ጋር ተሰርዮልሻል፤ መቁረብ ትችያለሽ። በሚቀጥለው ኑዛዜ «ባለፈው ረስቼው ነበር» ብለሽ ትናገሪዋለሽ፤ ያ ነው።

አፍረሽ ሆን ብለሽ ደብቀሽው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ኑዛዜ በሙሉ ዋጋ የለውም፤ ሌሎቹም አልተሰረዩም። ከዚያ ወዲህ እየደበቅሽ የተናዘዝሽው ሁሉ እንደዚያው ነው። መፍትሔው ከመጨረሻው ትክክለኛ ኑዛዜ ጀምሮ ያለውን የሞት ኃጢአት ሁሉ፣ መደበቅሽንም ጨምሮ፣ እንደገና መናገር ነው። ያፈርሽበትን መጀመሪያ አውጪው፤ የቀረው ይቀልልሻል። ፊትሽን ለሚያውቅ ካህን መናገር ከከበደሽ ወደ ሌላ ካህን ሂጂ፣ ወይም በመናዘዣው መጋረጃ ጀርባ ተናዘዢ። መጋረጃው የተሠራው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ካህኑ ለፖሊስ ወይም ለሚስቴ ቢናገርስ?

አይችልም። በቃል ቢሆን፣ በምልክት ቢሆን፣ በማንኛውም ምክንያት ተናዛዡን አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። በላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ይህን ምሥጢር በቀጥታ የሚያወጣ ካህን በድርጊቱ ራሱ ይወገዛል፤ ውግዘቱን የምታነሣው መንበረ ጴጥሮስ (የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መንበር) ብቻ ናት። የሰማውን ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበትም አይችልም። ከኑዛዜ ውጭ ስለ ነገሩ እንዲያነጋግርህ ከፈለግህ አንተ ራስህ ፈቅደህ ማንሣት አለብህ። ካህኑ ቋንቋህን ባያውቅ በአስተርጓሚ መናዘዝ ይቻላል፤ አስተርጓሚውም በምሥጢር ይታሰራል።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤቴ ገንዘብ ወስጃለሁ። ተናዝዤ ገንዘቡን ባልመልስስ?

መመለስ እየቻሉ ላለመመለስ መወሰን ጸጸት የለም ማለት ነው፤ ጸጸት ከሌለ ደግሞ ፍትሐቱ አይሠራም። አሁን ገንዘቡ ከሌለዎት ጥቂት በጥቂት ለመክፈል መቁረጥ በቂ ነው። ራስዎን እንዲያጋልጡ አይገደዱም፤ ስም ሳይጠቀስ በሌላ እጅ ማድረስ ይቻላል፤ እንዴት እንደሚሆንም አናዛዡን ያማክሩ። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይመለሳል፤ ማንም ካልተገኘ ለድሆች።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ፅንስ አስወርጃለሁ። ጳጳስ ዘንድ መሄድ አለብኝ?

እኅቴ፣ አያስፈልግም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ባወጡት ደብዳቤ ይህን ኃጢአት የመፍታት ሥልጣን ለካህናት ሁሉ ሰጥተዋል። ለኑዛዜ የተሾመ ማንኛውም ካህን ይፈታሻል። በላቲን ሕግ ፅንስ ማስወረድ በድርጊቱ ራሱ ውግዘት ያስከትላል፤ ሆኖም በጊዜው 18 ዓመት ያልሞላት፣ ቅጣት መኖሩን ያለጥፋቷ ያላወቀች ወይም በከባድ ፍርሃት የተገደደች ውግዘቱ አይይዛትም። ይህን ለይቶ ማየት የካህኑ ሥራ ነው፤ አንቺ የሆነውን ብቻ ተናገሪ። አንድ ጊዜ ከተፈታሽ በኋላ በየኑዛዜው መድገም ግዴታሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ እዚያው ኃጢአት ላይ ደግሜ እንደምወድቅ አውቃለሁ። ካህኑ ፍትሐት ይከለክለኛል?

«እወድቅ ይሆናል» ብሎ መፍራትና «አልተውም» ብሎ መወሰን የተለያዩ ናቸው። ፍትሐት የሚያግደው ሁለተኛው ነው። ድክመቱን እያወቀ ዛሬ ለመተው የቆረጠ ሰው፣ የሚያሰናክለውን አጋጣሚም የሚሸሽ ሰው፣ ይፈታል። ካህኑ የተናዛዡን ጸጸት ካልተጠራጠረ ፍትሐት መከልከልም ሆነ ማዘግየት አይፈቀድለትም።

የተናዘዝኩት አልተሰረየ ይሆናል እያሉ በየሳምንቱ ያንኑ ለሚደግሙ ደግሞ ምክሩ ሌላ ነው፤ አንድ አናዛዥ ካህን ይያዙ፣ «ይህን አትድገም» ሲል ይታዘዙት። ከካህን ወደ ካህን መዞር ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ በስልክ ወይም በቪዲዮ መናዘዝ ይቻላል?

አይቻልም። ምክር ለመጠየቅና ቀጠሮ ለመያዝ ስልክ ይጠቅማል፤ ምሥጢሩ ግን ተናዛዡና ካህኑ በአካል መገናኘትን ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በዓመት ስንት ጊዜ?

የሞት ኃጢአት ያለበት ቢያንስ በዓመት አንዴ ይናዘዛል፤ ግዴታውን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። ይህ ግን ዝቅተኛው ልክ ነው። የሞት ኃጢአት ያለበት ሳይናዘዝ ስለማይቆርብ፣ ዓመት መጠበቅ ማለት ዓመት ሙሉ ከቁርባን መራቅ ማለት ነው። በወር አንዴ መናዘዝ ጥሩ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በጠና ታማለች፤ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብለዋል። ካህን ብጠራ ሞቷን የተናገርኩባት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ የብዙ ቤተሰብ ፍርሃት ነው። ቀንዲል ቀድሞ «የመጨረሻው ቅባት» ይባል ስለነበር ሰው የሞት ምልክት አድርጎ ይዞታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ሥርዓቱን ሲያድሱ የሕሙማን ቅባት መሆኑ ጎልቶ ወጥቷል። የሚገባው በሕመም ወይም በእርጅና አደጋ ላይ መሆን ለጀመረ ምእመን ነው፤ ነፍስ ልትወጣ ስትል መጠበቅ አያስፈልግም። ከባድ ሕመም ያመጣው ቀዶ ጥገና ከፊት ካለ ተገቢው ጊዜ ነው። ድና እንደገና ብትታመም፣ ወይም ያው ሕመም ቢጠናባት፣ ይደገማል። ለእናትሽ «ካህኑ መጥቶ በያዕቆብ መልእክት እንደተጻፈው ዘይት ቀብቶ ይጸልይልሽ» ብትያት ትክክለኛውን ነገር ነገርሻት (ያዕ. 5፥14-15)።

ቀድሞ መጥራት ሌላም ጥቅም አለው። ሰውነቷ ሳይደክም መናዘዝና መቁረብ ትችላለች። ሰመመን ውስጥ ከገባች በኋላ ግን የሚቀረው ቅባቱ ብቻ ነው።

ሥርዓቱ አጭር ነው። መናዘዝ ከፈለገች ሁላችሁም ከክፍሉ ትወጣላችሁ። ከዚያ ቃለ እግዚአብሔር ይነበባል፤ ካህኑ በዝምታ እጁን በራሷ ላይ ይጭናል። በላቲን ሥርዓት ግንባሯን እየቀባ «በዚህ ቅዱስ ቅባት ጌታ በፍቅሩና በምሕረቱ፣ በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ይርዳሽ» ይላል፤ መዳፎቿን እየቀባ ደግሞ «ከኃጢአትሽ ነፃ አውጥቶ ያድንሽ፣ ያንሣሽም»። ለሁለቱም «አሜን» ይባላል። እጇ በፋሻ ከታሰረ ግንባሯ ብቻ ይበቃል። ዘይቱ የወይራ፣ ካልተገኘም ሌላ የአትክልት ዘይት ሲሆን ጳጳሱ ይባርከዋል፤ በችግር ጊዜ ካህኑም በሥርዓቱ መሐል ሊባርከው ይችላል።

ቅባቱ ብርታት፣ ሰላም፣ የኃጢአት ስርየት ይሰጣል፤ ለነፍሷ የሚበጅ ከሆነም የሥጋ ፈውስ። መድኃኒቷንና ቀጠሮዋን ግን እንዳታቋርጡ አደራ።

ጥያቄ፦ ለቀንዲል ሰባት ካህናት አያስፈልጉም?

አንድ ካህን በቂ ነው። ብዙ ካህናት አብረው የሚፈጽሙበት ልማድ ባላቸው ምሥራቃውያን ሥርዓቶች ልማዱ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ሕጋቸው ያዛል፤ ይህ ግን ሕመምተኛውን እስኪያዘገይ ድረስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ራሱን የሳተ ሰው ይቀባል? የሞተስ?

ራሱን የሳተው ቢያውቅ ኖሮ ይጠይቅ ነበር ተብሎ ከታመነ ይቀባል። የሞተ አይቀባም፤ ምሥጢራት ለሕያዋን ናቸውና ካህኑ ለነፍሱ ይጸልያል። መሞቱ አጠራጣሪ ከሆነ ግን ይቀባል። ስለዚህ «አልፏል መሰለኝ» ብላችሁ ካህኑን ከመጥራት አትቅሩ።

ጥያቄ፦ በጸሎት ቡድናችን ሕሙማንን ዘይት እንቀባለን። ቀንዲል ነው?

አይደለም። ይህን ምሥጢር የሚፈጽሙት ጳጳስና ካህን ብቻ ናቸው፤ ዲያቆን እንኳ አይችልም። ለሕሙማን አብሮ መጸለይ መልካም ሥራ ነው። ዘይቱ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ቀንዲል ተቀበልኩ ብሎ ካህን ሳይጠራ የሚቀር ሕመምተኛ ይኖራል። ስለዚህ ዘይቱ ቢቀር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሆስፒታል ያለው የካቶሊክ ካህን ብቻ ነው።

በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና በሚገባ ከተዘጋጀ፣ በካቶሊክ ሕግ በኩል ካህኑ ሊያናዝዘው፣ ሊያቆርበውና ሊቀባው ይችላል። እንዲጠይቅ መገፋፋት ግን አይገባም። የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይከበርለት፤ የንስሐ አባቱን ማግኘት ከተቻለ ያ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ካህኑ ቤት ሲመጣ ምን እናዘጋጅ?

ከአልጋው አጠገብ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መስቀል፣ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ጥቂት ጥጥ። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ሻማ አይበራም። ስትደውሉ ሦስት ነገር ንገሩት፤ ሕመምተኛው ራሱን ያውቃል ወይ፣ መናገር ይችላል ወይ፣ መዋጥ ይችላል ወይ። መዋጥ ከከበደው ከቅዱስ ሥጋው ትንሽ ቁራጭ ከውኃ ጋር ይሰጠዋል፤ ጠጣር ነገር ጨርሶ ካልቻለ ቅዱስ ደሙን ብቻ መቀበል ስለሚችል ካህኑ ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ከቁርባን በፊት የሚጾመው የአንድ ሰዓት ጾም ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና አስታማሚዎቻቸውን አይመለከትም። ሞት ከተቃረበ ቅደም ተከተሉ ኑዛዜ፣ ቅባት፣ በመጨረሻም የመንገድ ስንቅ የሚባለው ቅዱስ ቁርባን ነው። ጊዜ ካጠረ ኑዛዜውና ቁርባኑ ይቀድማሉ፤ ስለዚህ ካህኑ በር ላይ ሲደርስ ሕመምተኛው ሕመሙ ምን ያህል እንደከፋበት ሳትደብቁ ንገሩት።