ተርሚናልና አፕት አብረው ሲታመሙ

አንዲት የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያለች ተማሪ እንዲህ ጻፈችልኝ። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ነች። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ 3.11 ቨርዥን አስፈልጓት ቪዲዮ እያየች ጫነች። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ አይከፈትም። በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ በአፕት «አፕት አፕዴት» ስትል ደግሞ «አፕት ፒኬጂ የሚባል ሞጁል የለም» ይላታል። ፓይተን3 አፕት የሚባለውን ፓኬጅ ሁለት ጊዜ እንደገና ጫነችው፤ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዋ አንድ ፋይል በሌላ ስም ኮፒ አደረገላትና የአፕቱ ጩኸት ቆመ፤ ተርሚናሉ ግን አሁንም እንደሞተ ነው። «ፓይተንን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?» ትላለች።

እህቴ፣ አታጥፊው! ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራውን የሚሠራው አብሮት በመጣው ፓይተን 3.10 ነው። ፓይተን3ን አስወግድ ካልሽው ዴስክቶፑን ጭምር ይዞ ይሄዳል።

የነገርሽኝን ስሰማ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው። ተርሚናልና አፕት አብረው ከታመሙ፣ ዩኤስአር ቢን በሚባለው የፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ያለው ፓይተን3 የሚለው ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ወደ 3.11 ዞሯል። የኡቡንቱ ተርሚናል ማስነሻው የፓይተን ስክሪፕት ነው፤ አብሮ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ያ ቪዲዮ 3.11ን ዋናው ፓይተን አድርጊው ብሎሻል። 3.11ን መጫኑ ጉዳት የለውም። ሊንኩን ማዞሩ ነው ጥፋቱ።

ይህን ነገር በደንብ እንድትረጂው እፈልጋለሁ። ደቢያን (ኡቡንቱ የተሠራበት ሊኑክስ) እና ኡቡንቱ የሁሉንም ፓይተን3 ፓኬጆች ዲስት ፓኬጅስ በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ። በፓይተን ብቻ የተጻፈውን 3.10ም 3.11ም ያነቡታል። በሲ ቋንቋ የተጻፈው ተጨማሪ ክፍል፣ ኤክስቴንሽኑ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፓይል የሚደረገው (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል የሚቀየረው) ለአንድ ቨርዥን ነው፤ የፓይተን የውስጥ አሠራር በየቨርዥኑ ይለያያላ። ስለዚህ የፋይሉ ስም ላይ እንደ ጫማ ቁጥር «ሲፓይተን 310» ተብሎ ይጻፍበታል። 3.11 ሲመጣ 311 የሚል ቁጥር ይፈልጋል። 310ን ዓይኑ ሥር ቢያገኘውም አልፎት ይሄድና «የለም» ይልሻል። ሁለት ጊዜ ብትጭኚው ያልተለወጠው ለዚህ ነው፤ ሁለቴም የመጣልሽ ያው 310 ነው።

ጓደኛሽ ቁጥሩን ከስሙ ላይ አውልቆታል። ይህ ምክር ስንት ቦታ እንደተገለበጠ ሳይ እናደዳለሁ። ቁጥር የሌለውን ፋይል 3.11 ያለ ምንም ጥያቄ ይጭነዋል፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ መሐል ላይ ፕሮግራሙን ይዞት ይወድቃል። ተርሚናሉ የሚፈልገው ጂአይ የተባለው ኤክስቴንሽን ደግሞ እንደተሰበረ ቀረ።

አሁን ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አብረሽ ጫኚና በጥቁሩ ስክሪን ግቢ። ሊንኩን በኤልኤስ ሰረዝ ኤል እዪው። አልተርኔቲቭስ ወደሚለው ፎልደር የሚያመለክት ከሆነ፣ መጀመሪያ አፕዴት አልተርኔቲቭስን በሪሙቭ ኦል ፓይተን3 አጽጂው። ከዚያ በኤልኤን ሰረዝ ኤስኤፍ ሊንኩን ወደ ፓይተን 3.10 መልሺው። ዲስት ፓኬጅስ ውስጥ ቁጥር የሌለውን የአፕት ፒኬጂ ፋይል ብቻ ሰርዢ፤ 310 ያለበትን እንዳትነኪ። በመጨረሻ ፓይተን3 ሚኒማልን እና ፓይተን3 አፕትን በሪኢንስቶል ጫኚ። አፕት «እነዚህ ፓኬጆች ይወገዳሉ» ብሎ ረጅም ዝርዝር ካወጣ ኤን በይና ውጪ። ዋይ እንዳትጫኚ!

ለፕሮጀክትሽ ፓይተን 3.11 ቬንቭን እና ፓይተን 3.11 ዴቭን ጫኚ። ፕሮጀክትሽ ፎልደር ውስጥ ቬንቭ፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚሆን የተለየ የፓይተን ቦታ፣ ፍጠሪ፤ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛውን ፒፕን እዚያ ውስጥ ብቻ ተጠቀሚ። ሱዶ ፒፕ የሚባል ነገር (ፒፕን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ) ከነጭራሹ ተዪው። በፒፕ የምትጭኚው ኤክስቴንሽን እዚያው ኮምፓይል የሚደረግ ከሆነ የኮምፓይል መሣሪያዎቹ ፓኬጅ፣ ቢልድ ኢሴንሽያልም፣ ያስፈልግሻል፤ «ፓይተን ዶት ኤች የለም» የሚለው ስህተት የዴቭ ፓኬጁ አለመጫኑን የሚናገር ነው። ፓይተንን ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ሳይኮፒጂ2ን ከምንጭ ኮዱ የምትጭኚ ከሆነ ሊብ ፒኪው ዴቭን ጨምሪ።

ከ2023 ጀምሮ፣ ከደቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ፣ ፒፕ የሲስተሙን ፓይተን ልንካ ሲል ይከለከላል። ሰዎች «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን ጨምረው ያልፉታል። ስሙ እኮ «ሲስተሙን ስበር» ነው የሚለው። ወደ 24.04 ስታድጊ ቬንቭሽን ሰርዘሽ በአዲሱ ፓይተን እንደገና ሥሪው፤ እዚያ የሲስተሙ ፓይተን 3.12 ነው፣ የጫማው ቁጥርም 312 ይሆናል። ሊንኩን ግን ያኔም አትንኪው።